«ሁለት» እና «ኬት»

እስቲ ከአንድ እስከ ዐሥር ቁጠሩልኝ። ጮክ ብላችሁ፣ ሳትቸኩሉ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር። ሕፃን የሚያውቀውን ለምን እንደማስቆጥራችሁ ኋላ ይገባችኋል። ለጊዜው ድምፁን በጆሯችሁ ይዛችሁ ቆዩ።

የማስተምረው እነዋሪ ነው፤ ሰሜን ሸዋ፣ ሞረትና ጅሩ ወረዳ። አገራችን ሜዳ ነው። ጥቁሩ አፈር ስንዴና ጤፍ ያበቅላል፤ በሬውም ሰብቶ «የጅሩ ሰንጋ» ተብሎ አዲስ አበባ ድረስ ይጠራል። ሜዳው የሚያልቅበት አፋፍ ላይ ቆማችሁ ቁልቁል ብታዩ የጀማ ሸለቆ ነው፤ ከማዶው መርሐቤቴ። በገበያ ቀን ከጀማ ማዶ የወጣው፣ ከመንዝ የመጣው፣ ከደነባ የመጣው ሁሉ እዚህ ይገናኛል። ስለ ቋንቋ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ ገበያ የተሻለ መማሪያ ክፍል አላውቅም።

አንድ ተማሪዬ በክረምቱ ዕረፍት ከአባቱ ጋር በደብረ ብርሃን አድርጎ አንኮበር፣ ከአንኮበርም ገደሉን ወርዶ አልዩ አምባ ደርሶ ተመለሰ። አልዩ አምባ የአርጎቦች አገር ናት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከባሕር በኩል የሚመጣው ቅፍለት ጭነቱን የሚያራግፍባት የታወቀች ገበያ ነበረች። መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር ልጁ እጁን አወጣና፣ «መምህር፣ እዚያ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ጋቢ ሲቆጥሩ ሰማሁ። አማርኛውን አበላሽተው ነው የሚቆጥሩት» አለኝ። «እንዴት ብለው?» አልኩት። «ሀንድ፣ ኬት፣ ሶስት፣ አርቢት…» ሲል ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

እኔን ሳቁ ወጋኝ። ወጣት ሳለሁ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ሄጄ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከየት እንደመጣሁ ስጠየቅ «ተእነዋሪ» ብዬ መለስኩ። አሠልጣኛችን ቃሌን እየደጋገመ ክፍሉን አሳቀብኝ፤ «አማርኛ የማይችል መምህር» አለኝ። አማርኛ እኮ የእናቴ ቋንቋ ነው፤ ሌላ ቋንቋም አላውቅም ነበር። ከዚያ በኋላ ለወራት ክፍል ውስጥ እጄን አላወጣሁም። ስለዚህ ለልጁ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልመልስለት አልፈለግሁም። ሦስት ክፍለ ጊዜ ወስጄ ከሥሩ አስረዳኋቸው። እዚህ የምጽፈው ያንኑ ነው።

የሰውን ከመመዘናችን በፊት የራሳችንን እንመርምር። አማርኛ አንድ ቋንቋ ነው፤ ወጥ ግን አይደለም። ጎጃሜው፣ ጎንደሬው፣ ወሎዬው፣ መንዜው፣ የአዲስ አበባው ሰው በየራሳቸው መልክ ይናገሩታል። ይህን መልክ ዘዬ እንለዋለን፤ ቀበልኛ የሚሉትም አሉ። ሀብተ ማርያም ማርቆስ እ.ኤ.አ. በ1973 የአማርኛን የአገር በአገር ልዩነት ሲያጠኑ እነዚህኑ አምስቱን ነበር የተመለከቱት። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙልኝ፦ ዘዬ የሌለው ሰው የለም። የአዲስ አበባው አነጋገርም ዘዬ ነው። «እኔ ትክክለኛውን አማርኛ እናገራለሁ፤ ገጠሬው ግን ዘዬ ይናገራል» የሚል ሰው፣ ዘዬ ማለት የሌላ ሰው ብቻ ይመስለዋል።

ዘዬ የሚለያየው በምንድን ነው? ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚያየው ቃላቱን ነው። እኛ መረሬ የምንለውን ጥቁር አፈር በጎንደር በኩል ዋልካ ይሉታል። እኛ መሬት በጥማድ ስንለካ ጎጃሜው በቃዳ ይለካል። የልጃገረዶቹ የነሐሴ ጨዋታ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ሶለል ይባላል። ይህ ሁሉ ያምራል፤ ለማስረጃነት ግን ደካማ ነው። ምክንያቱም ቃል የገበያ ዕቃ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። «ሱቅ» ከዐረብ፣ «ጉዲፈቻ» ከኦሮሞ መጥተው አማርኛ ውስጥ ገብተዋል፤ በዚህ የተነሣ አማርኛ ዐረብኛ ወይም ኦሮምኛ አልሆነም። ስለዚህ ሁለት ሰዎች ዕቃውን በተለያየ ስም ቢጠሩት ቸኩላችሁ አትፍረዱ።

ከቃል ይልቅ የሚታመነው ድምፅና ሰዋስው ነው። አንድ ምሳሌ ላይ ቆም እንበል። የአዲስ አበባ ሰው «ሄድኩ፣ ነገርኩ» ይላል። የጎጃምና የጎንደር ሰው «ሄድሁ፣ ነገርሁ» ይላል። የትኛው ትክክል ነው? ተማሪዎቼ «ሄድኩ» አሉ። «መልካም፤ ‹መጣ› የሚለውን በእኔ አድርጉት» አልኳቸው። «መጣሁ» አሉ። «ለምን ‹መጣኩ› አላላችሁም?» ዝም አሉ።

አሁን ግዕዝን ምስክር እንጥራ። በግዕዝ «እኔ» የሚለው የግስ መድረሻ ሁልጊዜ «ኩ» ነው። ቅኔ ቤት የቆየ ሰው «መጻእኩ፣ ነገርኩ» እያለ ይነግራችኋል። ክ በጊዜ ብዛት እየላላ ወደ ህ ይሄዳል፤ አፍ ውስጥ ያለው መዘጋት ሲቀንስ የሚቀረው ትንፋሹ ነውና። የእኛ የሸዋውና የአዲስ አበባው አነጋገር ክን ከአናባቢ ቀጥሎ ሲመጣ አላላው፦ መጣሁ፣ በላሁ፣ ሰማሁ። ከተናባቢ ቀጥሎ ሲመጣ ግን እንዳለ ተወው፦ ሄድኩ፣ ነገርኩ። ጎጃምና ጎንደር መላላቱን እስከ መጨረሻው ወሰዱት፦ ሄድሁ፣ ነገርሁ። እንግዲህ ማን አበላሸ? ማንም። ሁለቱም ሕግ አላቸው፤ አንዱ ሕጉን በከፊል አንዱ በሙሉ አስኬደው። ልዩነቱ ሥርዓት አለው ማለት ይህ ነው። ስሕተት ሥርዓት የለውም፤ ዛሬ እንዲህ ነገ እንዲያ ነው። ዘዬ ግን ሁልጊዜ፣ በሁሉም ግስ፣ በሁሉም ተናጋሪ አፍ ያንኑ ሕግ ይከተላል።

ሌሎቹን በአጭሩ ላውሳ። እኛ «በልቼ፣ ሄጄ» ስንል በሰሜኑ «በልቸ፣ ሂጀ» ይባላል። እኛ «ሆኖ፣ ቆሞ» ስንል እነሱ «ሁኖ፣ ቁሞ» ይላሉ። የድሮ መጻሕፍት ውስጥ እነዚህን ስታገኙ የፊደል ግድፈት አይምሰላችሁ፤ ጸሐፊው የአገሩን ድምፅ ነው የጻፈው። እኔን ያሳቀብኝ «ተ»ም እንዲሁ ነው። በ«ከ» ፈንታ «ተ» ማለት በመንዝም፣ በወሎም፣ በሌላም ገጠር የተለመደ ነው፤ «ተየት መጣህ?» የሚል ሰው አማርኛ አልጎደለበትም።

ታዲያ የአዲስ አበባው መልክ እንዴት መጽሐፍና ሬዲዮ ላይ ወጣ? መልሱ ከቋንቋው ውስጥ የለም፤ ከታሪክ ነው። ቤተ መንግሥቱ አንኮበር ነበር፤ ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1879 ዓ.ም. ወደተቆረቆረችው አዲስ አበባ ሲያቀና የሸዋው አነጋገር አብሮ ሄደ። ማተሚያ ቤቱ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት፣ ጋዜጣው፣ ኋላም ሬዲዮው እዚያ ተከፈቱ። ቤተ መንግሥቱ ጎንደር ቢጸና ኖሮ ዛሬ በመማሪያ መጽሐፋችን «ሂጀ» እናነብ ነበር፤ የእኛ ልጆችም «ሄጄ» ብለው ይሳቅባቸው ነበር። አንድ መልክ ለትምህርትና ለጽሕፈት ተመርጦ መውጣቱን አልቃወምም፤ ተማሪዎቼንም የማስተምረው እሱኑ ነው። የቤታቸውን አፍ እንዲንቁ ግን አላስተምራቸውም።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ። «ሁለት አነጋገሮች አንድ ቋንቋ ናቸው ወይስ ሁለት?» ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ሰው የሚሰጣችሁ ቀላል ሚዛን አለ፦ ከተግባቡ አንድ፣ ካልተግባቡ ሁለት። ጥሩ መጀመሪያ ነው። ከእነዋሪ ተነሥታችሁ ጀማን ተሻግራችሁ መርሐቤቴ፣ ከዚያም እየቀጠላችሁ ዐባይን ተሻግራችሁ ጎጃም ብትገቡ አነጋገሩ በየመንደሩ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል እንጂ «እዚህ ላይ ሌላ ቋንቋ ጀመረ» የምትሉበት ድንበር አታገኙም። ጎረቤት ከጎረቤት ሁልጊዜ ይግባባል። ምሁራን የዘዬ ሰንሰለት የሚሉት ይህን ነው።

ነገር ግን ሚዛኑ ሁለት እንከን አለው። አንደኛ፣ መግባባት ልክ አለው፤ ግማሹን መስማት አለ፣ ሩቡን መስማት አለ። ሁለተኛ፣ ጆሮ ይለመዳል። የአርጎባው ሽማግሌ የልጁን አማርኛ ሙሉ በሙሉ ሰሙት፤ ልጁ ግን የእሳቸውን አርጎብኛ አልሰማም። ይህ የሆነው ሽማግሌው አማርኛን ከልጅነታቸው ጀምሮ ስለተማሩት ነው፤ ገበያው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱ በአማርኛ ነውና። አንዱ ሲሰማ ሌላው ካልሰማ መግባባቱ የመጣው ከቋንቋው መቀራረብ ብቻ ሳይሆን ከኑሮ ነው። ስለዚህ ሌላ፣ ጠለቅ ያለ ሚዛን ያስፈልገናል። በጆሯችሁ የያዛችሁትን ቁጥር አሁን አምጡት።

ልጁ ያስታወሰው እስከ አራት ነበር፤ የቀረውን ምሁራን ከመዘገቡት አሟላሁና ሰሌዳው ላይ በሦስት መስመር ጻፍኩት።

ግዕዝ፦ አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ፣ አርባዕቱ፣ ኀምስቱ፣ ስድስቱ፣ ሰብዐቱ፣ ሰመንቱ፣ ተስዐቱ፣ ዐሠርቱ።

አማርኛ፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ዐሥር።

አርጎብኛ፦ ሀንድ፣ ኬት፣ ሶስት፣ አርቢት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሳይንት፣ ስምንት፣ ዘህጠኝ፣ አስር።

ግዕዝን የጻፍኩት የሁለቱ እናት ነው ብዬ አይደለም። ብዙ የቋንቋ ምሁራን ግዕዝን ለአማርኛ የአክስት ያህል ነው የሚያዩት። የጻፍኩት ቀድሞ ስለተጻፈ የጥንቱን ድምፅ ስለሚያስታውስ ነው፤ እንደ አዛውንት ምስክር ቁጠሩት።

«ሁለት» ላይ እንጀምር። ግዕዙ «ክልኤ» ነው፤ ክም ልም አለበት። ትግርኛውም «ክልተ» ብሎ ሁለቱንም ይዟል። አማርኛ ምን አደረገ? ክን አላልቶ ህ አደረገው፤ ቅድም በ«መጣሁ» ያያችሁት ያው መላላት ነው። ልን ግን ጠበቀ፦ ሁለት። አርጎብኛ ምን አደረገ? ክን ጠበቀ፤ ልን ጣለ፦ ኬት። ሐረሪዎችም ጉራጌዎችም እንዲሁ ል የሌለበት «ሁለት» አላቸው።

አሁን ጥያቄው ይህ ነው፦ «ኬት» የተበላሸ «ሁለት» ሊሆን ይችላል? ሽማግሌው አማርኛውን አጥፍተው ቢሆን ኖሮ መነሻቸው «ሁለት» ነው። ከ«ሁለት» ተነሥቶ «ኬት» ለመድረስ ግን ከሺህ ዓመት በፊት የነበረውን ክ ከየት ያመጡታል? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አማርኛ አፍ ውስጥ የሌለውን ክ አርጎብኛ የያዘው ከአማርኛ ወስዶት አይደለም፤ ከራሱ ጥንት ይዞት ነው። በተቃራኒውም «ሁለት» ከ«ኬት» አልወጣም፤ ል የለበትማ። እንግዲያው አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። ከአንድ ቤት ወጥተው ርስት የተካፈሉ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንዷ ክን ወሰደች፣ አንዷ ልን።

አንድ ቃል ግን አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «አራት»ን እንይ። ግዕዙ «አርባዕቱ» ብ አለው። እኛ ጣልነው። አርጎብኛ ይዞታል፦ አርቢት። የእኛም ብ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ዐሥሩን እጥፍ ስታደርጉት ብቅ ይላል፤ «አርባ» እንላለን። «ሰባት» ላይ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። የ«ሰብዐቱ»ን ብ እኛ ጠበቅን፣ አርጎብኛ «ሳይንት» ብሎ ጣለው። ያ ሁሉ ሳቅ አራት ላይ ለእኛ ቢገባን ሰባት ላይ ለእነሱ ይገባቸዋል።

ወደ «አንድ» ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ እኔንም ሁልጊዜ ደስ የሚያሰኘኝ እዚህ ነው። ግዕዙ «አሐዱ»፣ ትግርኛው «ሓደ»፣ ሐረሪው «አሐድ» ነው። ን የት አለ? የለም። አማርኛና አርጎብኛ ግን ሁለቱም መሐል ላይ ን አስገብተዋል፦ አንድ፣ ሀንድ። የጥንቱን መጠበቅ ዝምድናን ያን ያህል አያሳይም፤ የሩቅ ዘመዳሞችም ሊጠብቁት ይችላሉ። አዲስ ነገር አብሮ መፍጠር ግን አብሮ መኖርን ይናገራል። ያቺ ን ከመለያየታቸው በፊት አንድ ጣሪያ ሥር እንደነበሩ ከሚመሰክሩት አንዷ ናት። ሮበርት ሔጽሮን እ.ኤ.አ. በ1972 የኢትዮጵያን ሴማዊ ቋንቋዎች ሲመድብ አማርኛንና አርጎብኛን አንድ ላይ ያስቀመጠው፣ ሐረሪንና ስልጥኛን ደግሞ በቅርብ ጎረቤትነት ያቆመው፣ እንዲህ ያሉ አብረው የተፈጠሩ አዳዲስ ነገሮችን እየቆጠረ ነው።

ቀጥሎ የ«ሀንድ» ህ። ግዕዝ «ሐረሰ፣ ሐለበ፣ ሐመድ» ይላል፤ እኛ «አረሰ፣ አለበ፣ አመድ» እንላለን። በእንዲህ ያሉ ቃላት የጥንቱ ሐ ከአንደበታችን ወድቋል። በአርጎብኛ ግን የጥንቱ ሐ በብዙ ቃላት በህ ድምፅ ዛሬም ይሰማል፤ «ሀንድ» ማስረጃ ነው። አንዲት ተማሪ ግን፣ «መምህር፣ ታዲያ ‹ኀምስቱ› ህ አለው፤ አርጎብኛው ‹አምስት› የሚለው ለምንድን ነው?» ብላ ያዘችኝ። ጎበዝ። በተመዘገበው ዝርዝር እውነትም ህ የለም። ቁጥር በገበያ የሚነገር፣ በየዕለቱ ከአማርኛ ተናጋሪ ጋር የሚደረግ ነገር ስለሆነ ጎረቤቱን እየመሰለ ይሄዳል። ከዐሥሩ አምስቱ ከአማርኛ ጋር አንድ መሆናቸውን ስታዩ የጋራ ርስት የትኛው፣ የጎረቤት ብድር የትኛው እንደሆነ በአንድ ቃል ብቻ መለየት አይቻልም። የቋንቋ ምርመራ በትዕግሥት የሚሠራውም ለዚህ ነው። ቮልፍ ሌስላው ስለ አርጎብኛ የጻፉት የመጀመሪያ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ1959 ወጥቶ፣ ሙሉው ሰዋስውና መዝገበ ቃላት የታተመው በ1997 ነው፤ በመካከሉ 38 ዓመት አለ።

አርጎብኛ ራሱም ዘዬ አለው። በወሎ በኩል ሾንኬና ጦለሃ በሚባሉት የተራራ ላይ መንደሮች የሚነገረው አንድ ነው፤ በእኛ በኩል በአንኮበር ሥር የነበረው ሌላ። በሐረር በኩል የነበረው ጠፍቷል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ራሱን አርጎባ ያለው ሕዝብ ከ140 ሺህ ያላነሰ ሲሆን፣ አርጎብኛን የአፍ መፍቻዬ ያለው ወደ 44 ሺህ ነው። ከሦስት አርጎባ ሁለቱ ቋንቋውን በእናት አፍ አልሰማውም ማለት ነው። ከሦስት አርጎባ ሁለቱ ቋንቋውን በእናት አፍ አልሰማውም ማለት ነው። በአልዩ አምባ በኩል ቋንቋው የቀረው በአብዛኛው በሽማግሌዎች ትዝታ ነው፤ ሾንኬና ጦለሃ ላይ ግን ልጆች አሁንም ይናገሩታል። ይህን ስነግራቸው የክፍሉ ልጆች ዝም አሉ። እኒያ ሸማኔ ጋቢ ሲቆጥሩ ልጁ የሰማው ምን ያህል ጥቂት ሰው የሚያውቀውን ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባቸው።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አጭር ነበር፤ ጥያቄው ግን ከባድ ነው። ድምፁን መረመርን፣ ዝምድናውን አየን። ታዲያ «ይህ ቋንቋ ነው፤ ያ ዘዬ ነው» ብሎ የሚፈርደው ምሁሩ ብቻ ነው? አይደለም።

በደቡብ የሆነውን ተመልከቱ። ወላይትኛ፣ ጋምኛ፣ ጎፍኛና ዳውርኛ እጅግ የተቀራረቡ ናቸው። በሰሜን ኦሞ ዞን ሹማምንቱ የአራቱን ስም መነሻ አገጣጥመው «ወጋጎዳ» የሚል አንድ የትምህርት ቋንቋ አወጡ፤ መጽሐፍም ታተመ። በወረቀት ላይ ሲያዩት ምክንያት ያለው ይመስላል፦ የሚግባቡ ሰዎች፣ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ወጪ። ሕዝቡ ግን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሄደው የራሳቸው ያልሆነ፣ የማንም ያልሆነ ቋንቋ ይዘው ሲመጡ አየ። በ1992 ዓ.ም. በወላይታዋ ከተማ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉ ተነሣ፤ ወላይታም ብዙ ሳይቆይ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1993 ዓ.ም.፣ የስልጤ ሕዝብ «ከጉራጌ አንዱ ነን ወይስ ራሳችንን የቻልን?» ለሚለው ጥያቄ በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጥቶ ራሱን ችሎ ወጣ። እዚህ ላይ የምሁራን ምርመራም ነበር፤ ስልጥኛ ከምዕራቡ ጉራጌ ይልቅ ለሐረሪ እንደሚቀርብ የሚታወቅ ነገር ነው። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ግን የድምፅ መስጫው ሣጥን ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። በሕንድ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በበርማ ድንበር ላይ፣ ማኒፑር የምትባል ተራራማ ክልል አለች። እዚያ ታዶው የሚባል ቋንቋ ይነገራል፤ በዙሪያው ፓይቴ፣ ቫይፌይና ህማር የሚባሉ የቅርብ ዘመዶች አሉት። ተናጋሪዎቹ «ቋንቋችን ታዶው ይባል ወይስ ኩኪ? ጎረቤቶቻችን የእኛ ዘዬ ናቸው ወይስ እኅቶቻችን?» እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። የሕንድ ቆጠራም ታዶውንና ኩኪን በተለያየ ስም ይመዘግባቸዋል። ያን ክርክር ከእነዋሪ ሆኜ ሳነብ ባዕድ አልሆነብኝም፤ የአልዩ አምባውን ሸማኔ ነው ያስታወሰኝ።

እንግዲህ ለልጁ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር። «‹ሄድሁ› የሚለው ጎንደሬ ያንተኑ ቋንቋ በሌላ መልክ ይናገራል፤ ሰንሰለቱን ተከትለህ ብትሄድ ትደርስበታለህ። ‹ኬት› የሚሉት አባት ግን የአንተን ቋንቋ አልነኩትም። የራሳቸውን ነው የሚናገሩት፤ ያንተ ቋንቋ የጣለውን ክና ብ ይዘው። ስሙንም እነሱ አርጎብኛ ብለው ሰይመውታል፤ ስም የማውጣት መብቱ የእነሱ ነው።» ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ካሳቀው ይልቅ ያሳፈረው እንደነበር ፊቱ ላይ አየሁ፤ እንዲያፍር ግን አልፈለግሁም። ጆሮው ነው ይህን ሁሉ ያመጣልን፤ ሌላው ሰምቶ የሚያልፈውን እሱ ይዞ መጣ።

በዓመቱ ክረምት እንደገና ከአባቱ ጋር ወረደ። አሁን ደብተር ይዞ ነበር። ሸማኔውን አገኛቸው፤ «አባባ፣ እስቲ ቀስ ብለው ይቁጠሩልኝ» አላቸው። ሦስት ጊዜ ቆጠሩለት፤ ሦስተኛውን ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ከጎናቸው አስቀምጠው። ልጁ ተመልሶ ደብተሩን ሲያሳየኝ ከኬት እስከ አስር ያለው በንጹሕ ጽሕፈት ሰፍሯል፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ ግን ባዶ ቦታ ትቶ «…ንድ» ብቻ ጽፏል።

«ምነው?» አልኩት።

«መምህር፣ በየትኛው ሀ ልጻፈው? በሃሌታው ነው፣ በሐመሩ ነው፣ ወይስ በብዙኃኑ?»

ለእኛ አፍ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ሦስቱን ለይተን የምንጽፈው ግዕዝ ስላስተማረን ነው። ሰሌዳው ላይ የነበረውን «አሐዱ» አስታወስኩት። ጥቂት አሰበና እስክሪብቶውን አንሥቶ ባዶውን ቦታ በሐመሩ ሐ ሞላው፦ ሐንድ።